«ሽማግሌ ጨርሶታል» እና ሌሎች ሰፈር የሚጎዱ አባባሎች

ባለፈው እሑድ የእድር ስብሰባ አልቆ ሰው ሲበተን አንድ ጎረቤቴን ያዝ አድርጌ ስለ አንዲት ልጅ ጠየቅኳቸው። በላይኛው መንደር ባሏ የደበደባት ልጅ ናት። «እሱማ ሽማግሌ ጨርሶታል» አሉኝና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ልጅቱን ግን ሰኞ ጠዋት ገበያ አገኘኋት። እጇ አሁንም በጀሶ ነው። ዘንቢሉን የያዘላት የሰባት ዓመት ልጇ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ላይ ጥብቅና ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ ደግሞ 6 ዓመት። ይህንን አባባል ቢሮዬም እሰማዋለሁ፣ እድር ድንኳን ውስጥም እሰማዋለሁ። ሰልችቶኛል። ዛሬ እሱንም፣ አብረውት የሚመጡትንም አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«እድር ለቀብር ብቻ ነው።»

አይደለም። እድር ምን እንደሚሠራ የሚወስኑት አባላቱ ናቸው፤ መተዳደሪያ ደንቡን ያወጡት እነሱ ናቸውና። ድንኳንና ወንበር የገዛ እድር ለጨለማው መንገድ አምፖል መግዛት አያቅተውም። ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፣ በጉባኤ አጽድቁት፣ በቃ።

«እሷስ ማታ ምን ልትሠራ ወጣች?»

ለኪዳን የምትወጣ እናትም፣ ከካፌ ሥራ የምትመለስ ልጅም በዚያው ጨለማ ነው የሚያልፉት። ጥያቄው መንገዱ ላይ ለቆመው ሰው ይቅረብ።

«ሮንድ የወጣ ሰው ሌባ መምታት ይችላል።»

አይችልም። ተረኛው ዱላ ስለያዘ የተለየ ሥልጣን የለውም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚለው ግልጽ ነው። ወንጀሉ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያሳስር ከሆነ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ዜጋ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊይዝ ይችላል። ከያዘው በኋላ ግን ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ፖሊስም በተራው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርበዋል፤ ይህ ሕገ መንግሥቱ ላይ ያለ ነው። በመሀል ምሰሶ ላይ ማሰር፣ ልብስ አስወልቆ ፎቶ ማንሳት፣ «ትንሽ ቀመስ አድርጎ» መልቀቅ የሚባል ነገር የለም።

አንድ ወጣት አባት ደንበኛዬ ነበር። ሰፈሩን ሲጠብቅ አንድ የመኪና ባትሪ የሰረቀ ልጅ ያዘ። ያዘው፣ መታው፣ ልጁ አንድ ዓይኑን አጣ። ባትሪ የሰረቀው በወራት ወጣ። ደንበኛዬ ግን በከባድ አካል ጉዳት ተፈርዶበት ዓመታት ታሰረ። እናቱ ቢሮዬ መጥተው «ልጄ እኮ ሰፈር ሲጠብቅ ነው» እያሉ ሲያለቅሱ የምመልስላቸው አጣሁ። አብረውት ሮንድ ከወጡት አንድም ሰው ችሎት አልመጣም።

«ሌባው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።»

ይህችኛዋ ታሳዝነኛለች። ከመተከልና ከወለጋ ተፈናቅለው ወደ ጎጃም ከተሞች የመጡ ቤተሰቦች አሉ። በ2013 ቻግኒ አጠገብ ራንች መጠለያ ምን ያህል ሰው ተጨናንቆ እንደነበር ያየ ያውቃል። ከእነዚህ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር እኛ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየች። ትልቁ ልጇ ገበያ ላይ ዕቃ ይሸከማል።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት የውኃ ቆጣሪ ተነቅሎ ተወሰደ። ማንም ያየ የለም። ግን በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በዚያ ልጅ ላይ ነው። እናቱ ውኃ ልትቀዳ ስትመጣ በር ተዘጋባት። ጀሪካኗን ይዛ ስትመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቆጣሪዎቹ አሮጌ ብረት ከሚገዛ ሰው ቤት ተገኙ። የሸጠለት የእኛው የእድር አባል ልጅ ነበር፤ እዚሁ የተወለደ፣ እዚሁ የተጠመቀ። ያቺን እናት ይቅርታ የጠየቀቻት አንዲት ሴት ብቻ ናት። ድፎ ዳቦ ጋግራ ሄደች። ሌሎቻችን፣ እኔንም ጨምሮ፣ ቀረን። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

አንድ ሰው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ ይገመታል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው። ደግሞም ሰፈራችሁ ሲሰረቅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዕቃው የት ሊሸጥ እንደሚችል ነው። የተሰረቀ ነገር የሚገዛ ከሌለ የሚሰርቀው ይቀንሳል።

«ቡዳ ነው» እያሉ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን ማግለልም እዚሁ ይግባ። በሽታ ሲገባ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። የጎረቤት ስም አይጠፋም።

«የባልና ሚስት ጠብ የቤት ጉዳይ ነው።»

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በስሙ ጠርቶ ወንጀል ብሎታል። ጩኸት ከሰማችሁ በሩን አንኳኩ። ጨው ልበደር ብላችሁም ቢሆን አንኳኩ። ብዙ ዱላ በአንድ ማንኳኳት ይቆማል።

አሁን ወደ ዋናው።

«ሽማግሌ ከጨረሰው ክስ የለም።»

ሽምግልናን አልንቅም። እንዴት እንቃለሁ? አያቴ በብቸና በኩል የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ደም ሲደርቅ አይቻለሁ። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ፣ የሟች እናት ፊቷን አዙራ ስትቆይ፣ ካህኑ መስቀል ይዘው በመሀል ሲቆሙ። ያ ዕርቅ ባይኖር ደም መላሽ ይነሳ ነበር፤ ሌላ ሬሳ፣ ሌላ ሬሳ። ሽምግልና ይህን ያቆማል። ትልቅ ነገር ነው።

ግን አያቴ አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ዕርቅ ደሙን ያደርቃል እንጂ የመንግሥትን ክስ አያነሳም። ገዳዩ ታርቆም ይታሰራል። ዕርቁ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ወንጀሉን ግን አያጠፋውም። ዛሬ ይህ ልዩነት ጠፍቶብናል።

ነገሩ ቀላል ነው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች አሉ፤ ስድብ አንዱ ነው። በእነዚህ ላይ ተበዳዩ አልከስም ካለ ነገሩ ያልቃል። መክሰስ ከፈለገም ባወቀ በ3 ወር ውስጥ ማመልከት አለበት። እዚህ ላይ ሽማግሌ ቢገባ ደስ ይለኛል። አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ፣ ግድያ ግን ከዚህ አይገቡም። የተበዳይ አባት ቢታረቅም፣ ካሳ ቢበላም፣ በግ ቢታረድም ዐቃቤ ሕግ ይከስሳል።

«ድሮ እኮ ካገባት ይለቀቅ ነበር» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ድሮ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። የ1996ቱ ሕግ ያንን ሰርዞታል። ከግንቦት 1997 ጀምሮ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ጋብቻ ቢፈጸምም አያድንም። አስገድዶ መድፈር በመነሻው ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ መዳር ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ይህ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው እኮ! ሽማግሌዎቻችን ግን አሁንም በ1949ኙ ይፈርዳሉ።

የአንዲት ልጅ ነገር ልንገራችሁ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ የሚያውቃት ሰው ደፈራት። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ተሰበሰበ። ካሳ ተቆረጠ፣ «ያግባት» ተባለ፣ አባት እሺ አለ። እናት ግን ሌሊት በእግሯ ከገጠር ወጥታ እኔ ጋ ደረሰች። «እትዬ፣ ልጄን ለዚያው ሰው ሊሰጡብኝ ነው» አለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱን ሳነጋግራቸው «አንቺ ልጄ፣ የልጅቱን ክብር እየጠበቅን ነው» አሉኝ። ከልባቸው ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ልጅቱን ማንም አልጠየቃትም።

ያንን ክስ ለፍርድ ያበቃው የእኔ ክርክር አይደለም። አንዲት ጠላ ሻጭ ናት። የዚያን ቀን ማታ ልጅቱ በአንድ እግሯ ኮንጎ፣ በአንዱ ባዶዋን ስትሮጥ አይታለች። በማግሥቱ ሌላኛውን ጫማ ከሰውየው ቤት ጓሮ አግኝታ አነሳችው። «ጣይው፣ ነገር አታምጪ» ተባለች። አልጣለችም። አራት ወር ሙሉ ከጠላ ጋኑ ጀርባ በጋዜጣ ጠቅልላ አስቀመጠችው። ችሎት ቆማ ያየችውን ስትናገር ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን አንድም ቃል አልቀየረችም። በየቀጠሮው ሦስት የእድር ሴቶች አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። ተፈረደ። ልጅቱ ዛሬ ነርስ ናት።

የሰፈር ጉልበት ይህ ነው። እስከዛሬ የወደቁብኝ መዝገቦች አብዛኛው የወደቁት ሕጉ ስላነሰ አልነበረም። ምስክር ስለቀረ ነው። ምስክሩ የቀረው ደግሞ «ታረቁ እኮ» ስለተባለ፣ ብቻውን ስለሆነ፣ ለትራንስፖርት ስላጣ፣ ስለፈራ ነው። ሰፈር ተደራጅቶ መፍረድ የለበትም። ምስክሩን አጅቦ ችሎት ማድረስ ግን ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር ደጃችሁ ሲደርስ የምታደርጉት ይህ ነው። ልጅቱን መጀመሪያ ጤና ተቋም ውሰዷት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከዘገየ አይሠራም። እርግዝና የሚከላከለው እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ግን በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ከምርመራው በፊት ልጅቱ ሰውነቷን አትታጠብ፣ ልብሷንም አትጠቡ። ልብሱን በፌስታል አታስገቡ፤ ይበሰብሳል፣ ማስረጃው ይጠፋል። በወረቀት ጠቅልሉት። ያያችሁትን ዕለቱንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ ፖሊስ ጋ አብራችሁ ሂዱ። ልጅቱን ደጋግማችሁ «ምን ሆነሽ ነው?» አትበሏት፤ አንድ የምታምነው ሰው ይበቃታል።

አሁን ጸጥታው በደፈረሰበት ወረዳ ፍርድ ቤት ዝግ ነው፣ ፖሊስም የለም፣ ሽማግሌ እንጂ ማን አለ ትሉኛላችሁ። ይገባኛል። ሽማግሌ ደም እንዳይፈስ ይቁም፤ ልጅቱን ከጥቃት አድራሹ ያርቅ። ጋብቻ ግን አይፍረድ፤ ማስረጃ አያስጥል፤ አትናገሩ ብሎ አያስምል። የአስገድዶ መድፈር ክስ ይርጋው 20 ዓመት ነው። ዛሬ የተዘጋ ፍርድ ቤት ነገ ይከፈታል። ያ ደብተርና ያ ጫማ እስከዚያ ይቀመጡ።

«አቤቱታ ዋጋ የለውም።»

በ1960 የሞጣና የብቸና ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንቀበልም ሲል ጦር ተልኮበታል፣ አውሮፕላን ደብድቦታል። በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። የዚያ ሰው ልጅ ልጆች ነን፤ ሰሚ የለም ብለን ሳንጠይቅ አንቅር። የእኛ ጥያቄ ደግሞ ጦርም ደምም አይጠይቅም፤ ወረቀት ነው የሚጠይቀው።

ችግሩ አቤቱታችን በቃል መሆኑ ነው። ሰብሰብ ብለን ቀበሌ እንሄዳለን፣ «እሺ እናያለን» እንባላለን፣ እንመለሳለን። ማንም አልመዘገበንም። በጽሑፍ ይሁን። የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ። ስም፣ ፊርማ፣ ቀን ይኑረው። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ በሌላው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። ያ ቁጥር ሲኖር «አልደረሰንም» የሚል አይኖርም። መልስ ከጠፋ ባሕር ዳር የእንባ ጠባቂ ተቋም ቅርንጫፍ አለ፤ ገቢ የሆነውን ቅጂ አያይዛችሁ ታመለክታላችሁ።

እኛ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ውኃ መቅጃው በሚወርደው መንገድ ላይ አራት የመንገድ መብራት እንዲተከል ጠይቀናል። 63 ሰው ፈርሟል። ያቺ ተፈናቃይ እናት ፈርማለች፤ ልጇም ከሥሯ። ሁለት ጊዜ ሄደን ሁለት ጊዜ «በጀት» ተብለናል። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ እንደገና እንሄዳለን። ደብተሩ እኔ ጋ ነው። መምጣት የምትችሉ ከእድሩ መጋዘን በር ላይ እንገናኝ።