የጠረጴዛ ጨዋታ ሕግን ለድህረ ጥፋት ዓለም ማላመድ ምንድን ነው?

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደው የሚና ጨዋታ አካሄዱ ቀላል ነው። ጥቂት ሰዎች ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ይጫወታል፣ አንዱ ደግሞ ጌም ማስተር ሆኖ ዓለሙን ይመራል። ውጤቱ የማይታወቅ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይወረወራል። ዳይሱ መቼ እንደሚወረወር፣ ገጸ ባሕርዩ በምን እንደሚጎዳና በምን እንደሚያድግ የሚወስነው የሕግ ሥርዓቱ ነው።

ማላመድ ማለት ለአንድ ዓለም የተጻፈን ሕግ ወስዶ ለሌላ ዓለም እንዲሆን አድርጎ ማስተካከል ነው። እዚህ የማወራው ስለ ድህረ ጥፋት ሳይንስ ፋንታሲ ነው። ሥልጣኔ ፈርሷል። የተረፉት በፍርስራሹ ውስጥ ይኖራሉ። የጥንቱ ማሽን አልፎ አልፎ ይሠራል፤ አሠራሩን የሚያውቅ ስለሌለ ግን ለሚያየው ሰው አስማት ነው።

ሐሳቡ ከራሱ ከሚና ጨዋታ ጋር እኩል ያረጀ ነው ማለት ይቻላል። ለገበያ የታተመው የመጀመሪያው የሚና ጨዋታ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በ1976 ጄምስ ዋርድ ሜታሞርፎሲስ አልፋን አወጣ። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚኖሩት ግዙፍ የጠፈር መርከብ ውስጥ ነው፤ መርከብ ውስጥ መሆናቸውን ግን ትውልዱ ረስቶታል። በ1978 ጋማ ወርልድ ተከተለና ነገሩን ወደ ፈራረሰችው ምድር አወረደው።

ብዙ ሰው ማላመድ ሲባል ስም መቀየር ይመስለዋል። ሰይፉን ሌዘር፣ ጭራቁን ሙታንት (በጨረር የተለወጠ ፍጡር) ብሎ መጥራት። ይሄ ግን የትም አያደርስም። ምክንያቱም በዓለሙ ውስጥ ምን እንደሚያስፈራና ምን እንደሚያጓጓ የሚናገረው ሕጉ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም ውስጥ ጉድቤሪ የሚባል ድግምት አለ። የመጀመሪያ ደረጃ ድግምት ነው፣ ማለትም ጀማሪ ገጸ ባሕርይም ሊኖረው ይችላል። አንዴ ሲደገም 10 ፍሬዎች ይፈጥራል፤ እያንዳንዷ ፍሬ አንድን ሰው ለአንድ ቀን ታቆያለች። እንግዲህ ጌም ማስተሩ ስለ ረሃብና ስለ ባዶ መጋዘን የፈለገውን ያህል ያሳምር። አንድ ተጫዋች ጠዋት ተነስቶ ጉድቤሪን ከደገመ ረሃብ የሚባል ነገር አበቃ። እረፍቱም እንደዚያው ነው። በዚሁ እትም ለ8 ሰዓት ያረፈ ገጸ ባሕርይ ያጣው የሕይወት ነጥብ (ምን ያህል ጉዳት እንደሚችል የሚለካው ቁጥር) በሙሉ ይመለስለታል። በጨረር ተቃጥሎ ያደረ ሰው ጠዋት ደህና ሆኖ ከተነሳ፣ ያንን ጨረር ማን ይፈራዋል?

ስለዚህ ሥራው ከመሰረዝ ይጀምራል። ሕጉን አገላብጡና ዓለማችሁን የሚያፈርሰውን ፈልጉ። ጉድቤሪን ማውጣት ወይም ማክበድ። ጨረርን ደግሞ በእንቅልፍ ከሚድነው ቁስል መለየት። እኔ የምመርጠው መንገድ፣ ጨረር የሕይወት ነጥብን ጣሪያ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ ነው፤ መድኃኒት እስኪገኝ ድረስ ጣሪያው አይነሳም። አንድ መስመር ሕግ ናት። ግን ተጫዋቾቹ ከዚያ ወዲያ የፈረሰ ሆስፒታል ሲያዩ ዝም ብለው አያልፉም።

በ1991 የወጣው ዳርክ ሰን ይህን በደንብ አድርጎታል። መሠረቱ ያው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሕግ ነው፤ ዓለሙ ግን በረሃ ሆኗል። ብረት ብርቅ ስለሆነ መሣሪያው ከአጥንት፣ ከድንጋይና ከእንጨት ይሠራል፣ ይሰበራልም። ውሃ ይቆጠራል። ዓለሙን እዚህ ያደረሰው ደግሞ አስማት ራሱ ነው፦ ግድ የሌለው አስማተኛ ሲደግም በዙሪያው ያለው ተክል ይሞታል። የዓለሙ ታሪክ ሕጉ ውስጥ ገባ ማለት ይሄ ነው።

ከመሰረዝ ቀጥሎ ሽልማቱ አለ። በጥንቱ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ወርቅ ይዞ የተመለሰ የልምድ ነጥብ (ገጸ ባሕርዩ የሚያድግበት ነጥብ) ያገኝ ነበር። ሕጉ ለወርቅ ስለሚከፍል ሰው ወርቅ ያድናል። በፈረሰ ዓለም ግን ወርቅ ምን ይሠራል? በ2013 የወጣው ኑሜኔራ የተባለው ጨዋታ የልምድ ነጥብ የሚሰጠው በዋናነት ለግኝት ነው፤ ጭራቅ ስለገደላችሁ አይሰጥም። ተጫዋቹ ወዲያው ይለወጣል። በር ሲያገኝ ከበስተጀርባው ያለውን ለመግደል ሳይሆን ለማየት ይገባል።

የጥንት ዕቃዎቹ ጉዳይ ለእኔ የዚህ ሁሉ ልብ ነው። ጋማ ወርልድ ለዚህ የፍሰት ሰንጠረዥ ነበረው። ዕቃ ያገኘ ተጫዋች ዳይስ እየወረወረ በሰንጠረዡ ላይ ይጓዛል፤ ወይ ዕቃውን ይረዳዋል፣ ወይ በራሱ ላይ ጉዳት ያመጣል። ተጫዋቹም ልክ እንደ ገጸ ባሕርዩ የያዘውን አያውቅም።

የባትሪን ጉልበት አንድ በአንድ መቁጠር ከሰለቻችሁ ከብላክ ሃክ ጨዋታ የመጣች ዘዴ አለች። ለባትሪው ባለ 6 ገጽ ዳይስ ስጡት። በተጠቀማችሁ ቁጥር ወርውሩ። 1 ወይም 2 ከወጣ ዳይሱ ወደ ባለ 4 ገጽ ይወርዳል። በእሱም 1 ወይም 2 ከወጣ ባትሪው አለቀ። በአማካይ 5 ጊዜ ያህል ያገለግላል። መቼ እንደሚያልቅ ግን ጌም ማስተሩም አያውቅም። በሩን በባትሪው እንክፈተው ወይስ ለመመለሻ እናስቀምጠው የሚል ክርክር ጠረጴዛው ላይ ሲነሳ፣ ሕጉ ሠርቷል ማለት ነው።

የጥንት መሣሪያዎችን ጉልበት ስትወስኑ ጠንቀቅ በሉ። በ1990 የወጣው ሪፍትስ የተባለው ጨዋታ ሜጋ ዳሜጅ የሚባል የጉዳት መለኪያ አመጣ፤ አንዱ ነጥብ ከተራው ጉዳት 100 ነጥብ ጋር እኩል ነው። ታንክና ዘንዶን ለማጋጠም ይመቻል። ትጥቅ የሌለው ገጸ ባሕርይ ግን በአንድ ምት ያልቅለታል። ሁለቱን መለኪያ አንድ ላይ ከማስኬድ አንዱን መርጦ መቆየት ይሻላል ባይ ነኝ።

አንዳንዴ ደግሞ መሠረቱን ራሱን መቀየር ነው የሚያዋጣው። በ2010 የወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ያስወረውራል። 10 እና ከዚያ በላይ ተሳክቷል፤ 6 እና ከዚያ በታች አልተሳካም፤ ከ7 እስከ 9 ከወጣ ይሳካል፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ውሃውን አገኛችሁ፣ ጀሪካኑ ግን ተበሳ። እጥረት ለበዛበት ዓለም ይህ መካከለኛ ውጤት ግሩም ነው፤ ብዙ ተጨማሪ ሕግ ሳያስፈልግ ችግሩን ከዳይሱ ውስጥ ያወጣዋል።

ለራሳችሁ ጠረጴዛ የፈለጋችሁትን ቀይሩ፣ የሚከለክል የለም። ለማሳተም ካሰባችሁ ግን ፈቃዱን እዩ። የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግ በ2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል፤ ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ቀይራችሁ መሸጥም ትችላላችሁ። ዳርክ ሰንን የመሳሰሉት ዓለሞች ግን በዚያ ፈቃድ ውስጥ የሉም፤ ፍርስራሹን ራሳችሁ መፍጠር አለባችሁ።