የፓስታ ውሃ ምንድን ነው?

ፓስታ ሲቀቀል ድስቱ ውስጥ ነጣ፣ ደፍረስ ያለ ውሃ ይቀራል። ብዙ ቤት ፓስታው እንደበሰለ ማጥለያ ላይ ይገለበጣል፤ ውሃው ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። የፓስታ ውሃ የሚባለው እሱ ነው። ሲያዩት ምንም አይመስልም። ግን ከመድፋታችሁ በፊት አንድ የሻይ ብርጭቆ ቀድታችሁ ብታስቀሩ፣ ያው ቲማቲም፣ ያው ሽንኩርት፣ ያው ዘይት ሌላ ስጎ ይወጣቸዋል። ክሬም አይጠይቅም። ቺዝ አይጠይቅም። ተጨማሪ ብርም አያስወጣም። ለቤተሰብ በየሳምንቱ ፓስታ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ የወጥ ቤት ዕውቀት ብዙ የለም ብዬ አምናለሁ።

ውሃው የሚደፈርሰው ስለቆሸሸ አይደለም። ፓስታ የሚሠራው ከስንዴ ነው፤ ስንዴ ውስጥ ደግሞ በብዛት ያለው ስታርች የሚባለው፣ ምግብ የሚያወፍረው ንጥረ ነገር ነው። ስታርች ሙቅ ውሃ ሲያገኝ፣ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ፣ ውሃ እየጠጣ ማበጥና መለስለስ ይጀምራል። ከፓስታው ላይ ላዩን ያለው ስታርች እየለቀቀ ውሃው ውስጥ ይገባል። አጥሚት ምድጃ ላይ ቆይቶ የሚወፍረው በዚሁ ምክንያት ነው። የፓስታ ውሃም በጣም የቀጠነ፣ ጨው ያለበት አጥሚት ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ለምን ይጠቅማል? ዘይትና ውሃ አይስማሙም። ስጎ ደግሞ ዘይትና የቲማቲም ውሃ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ሳህን አለ፦ ዳር ዳሩን ቀይ ዘይት ይንሳፈፋል፣ ከሥር ውሃ ይተኛል፣ መሃል ላይ ፓስታው ደርቆ ቁጭ ይላል። ልጆች ከላይ ያለውን ስጎ ይበሉና ነጩን ይተዉታል። የፓስታ ውሃ ሲገባ ግን ስታርቹ በዘይቱ ጠብታዎች መካከል ገብቶ ተመልሰው እንዳይገናኙ ይይዛቸዋል። ውሃውንም ያወፍረዋል። ዘይቱ፣ ቲማቲሙና ውሃው አንድ ሆነው ፓስታው ላይ ይለብሳሉ። ሳህኑ ሲያልቅ ከሥር የሚቀር ውሃ የለም።

ጣሊያኖች ይህን በደንብ ያውቃሉ። ሮም ውስጥ ካቾ ኤ ፔፔ የሚባል ምግብ አለ። ፓስታ፣ ከበግ ወተት የሚሠራ ፔኮሪኖ የሚባል ቺዝ፣ ቁንዶ በርበሬና የፓስታ ውሃ ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለበትም። ያንን ቺዝ ወደ ስጎ የሚለውጠው ውሃው ነው። እኛ አገር ፓስታ ከጣሊያኖቹ ጋር መጥቶ ቀረ፤ ስጎውም የራሳችን ሆነ፤ በርበሬ ገባበት፣ በእንጀራም ተበላ። ይቺ ብልሃት ግን ብዙ ቤት አልገባችም። አሁን ትግባ።

እንዴት ይደረጋል?

መጀመሪያ ስጎውን ሥሩ። ፓስታው ስጎውን መጠበቅ የለበትም፤ ስጎው ነው ፓስታውን መጠበቅ ያለበት። ፓስታው ሊበስል አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከድስቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቅዱ። ቀድማችሁ አትቅዱ፤ ስታርቹ ገና አልወጣም። ከዚያ ፓስታውን አጥልሉና ቶሎ ስጎው ላይ ገልብጡት። ከቀዳችሁት ውሃ ግማሹን ጨምሩ። እሳቱን ከፍ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳታቋርጡ አማስሉ። መጀመሪያ የቀጠነ ይመስላል፤ አትደንግጡ። ሲንተከተክ ይያያዛል፣ ያብረቀርቃል። ደረቅ ካለ ቀሪውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጨምሩ። በቃ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ፓስታው የሚበስለው ውሃ ውስጥ ሳይሆን ስጎው ውስጥ ነው። ቅመሙ ወደ ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው። ፓስታን ለብቻ፣ ስጎን ለብቻ አቅርቦ ሳህን ላይ ማገናኘት ይህን ዕድል ማባከን ነው።

ስለ ጨው አንድ ነገር። ውሃው ጨው አለበት፤ ስጎው ውስጥ ሲተን ደግሞ ጨውነቱ ይጠነክራል። ስለዚህ ስጎው ላይ ጨው መጀመሪያ አትነስንሱ። ውሃው ከገባ በኋላ ቀምሳችሁ ጨምሩ።

ማጠብና ዘይት ማፍሰስ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። ብዙ ቤት ፓስታው ከተጠለለ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል። ከዚያ እንዳይጣበቅ ተብሎ ዘይት ይደረግበታል። አንድ ጎረቤቴ እንዲያውም “አንቺ፣ ሳይታጠብ እንዴት ይበላል?” ትለኛለች። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ንጽሕና ነው። ግን የሚታጠበው እድፍ አይደለም፣ ስጎውን የሚያጣብቀው ስታርች ነው። ዘይቱ ደግሞ ፓስታውን ስለሚያሙለጨልጨው ስጎው አይይዘውም። ፓስታ የሚጣበቀው ማጥለያ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነው። ስጎው ዝግጁ ከሆነ ለመጣበቅ ጊዜ አያገኝም። ማጠብ የሚያስፈልገው ፓስታው ቀዝቅዞ ሰላጣ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ብቻ ነው።

ከተማው ዳር ላይ ስትቀቅሉ

ይህ ጉዳይ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ኮዬ ፈጬ ለምንኖር ሰዎች የራሱ መልክ አለው። አንደኛው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና ሱሉልታ ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል። እሳት ብትጨምሩበት ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ፓስታ ፓኬቱ ላይ “8 ደቂቃ” ቢል አትመኑት። የጻፉት ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ መጨመር የተለመደ ነው። አዳማ ላይ መቀቀል የለመደ ሰው ሱሉልታ መጥቶ በለመደው ሰዓት ቢያወጣው ጥሬ ይሆንበታል። ዋናው ሰዓቱ አይደለም፤ አንዱን አውጥታችሁ ንከሱት። መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ገና ነው። ነጥቡ ልትጠፋ ስትል ወደ ስጎው የምታስገቡበት ሰዓት ደርሷል። ነጥቡ ጠፍቶ ፓስታው ከላሸቀ ደግሞ አልፏል።

ሁለተኛው ውሃው ራሱ ነው። የጣሊያኖቹ ልማድ ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃ ነው። አንድ 500 ግራም ፓኬት 5 ሊትር ይወስዳል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከጀሪካን እየቀዱ፣ አምስት ሊትር አፍልቶ መድፋት ያስቆጫል። ደስ የሚለው ነገር፣ ያን ያህል አያስፈልግም። ሁለት ተኩል ወይም 3 ሊትር ይበቃል። የግድ የሆነው ነገር መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ደህና አድርጎ ማማሰል ነው፤ ፓስታ ድስቱ ሥር የሚጣበቀው ያኔ ነው። ውሃው ባነሰ ቁጥር ስታርቹ ይጠነክራል፤ ለስጎው የሚሻለውም እንዲህ ያለው ውሃ ነው። ቶሎ ስለሚፈላ ከሰልም፣ መብራትም ይቆጥባል። ጨው ለ3 ሊትር አንድ ልክ ያለ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ውሃውን ስጎ ውስጥ ስለምንጨምረው ከዚህ አታብዙ።

ፓስታው ራሱም ልዩነት አለው። ጥሩው ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው። ኢጣሊያ ውስጥ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ብቻ እንዲሠራ በ1967 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጥቷል። ዱረም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በዱረም ስንዴ ዝርያዎች ብዛት በዓለም የምትታወቅ አገር ናት፤ አርሲና ባሌ ያበቅሉታል፣ ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከልም ለረጅም ዓመታት የሠራበት ሰብል ነው። የዱረም ፕሮቲን ጠንካራ ስለሆነ ስታርቹን አጥብቆ ይይዛል። ለስላሳ ስንዴ የበዛበት ፓስታ ግን ቶሎ ይለቃል፣ ቶሎም ይላሽቃል። እንዲህ ያለው ከገጠማችሁ ውሃው በጣም ነጭ ይሆናል። ከመወርወር ይልቅ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ተጠቀሙ፤ ሙሉውን ከጨመራችሁ ስጎው ሙጫ ይሆናል።

ለቤተሰብ ምን ይሠራበት?

የመጀመሪያው ያው የምናውቀው ፓስታ በስጎ ነው። ቀይ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርት ይከተል፣ አራት አምስት የተከተፈ ቲማቲም ይግባ፣ ከወደዳችሁ አንድ ማንኪያ ሳልሳ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ይብሰል። በርበሬ የምታደርጉ ከሆነ ከሽንኩርቱ ጋር ይቁላላ እንጂ መጨረሻ ላይ አይነስነስ። ከዚያ ፓስታውና ውሃው። ሳልሳ የምናበዛው ብዙውን ጊዜ ስጎው እንዲወፍር ነው። ማወፈሩን ውሃው ከሠራው የሳልሳው ኮምጣጣነት ይቀንሳል፣ ትኩስ ቲማቲሙ ይቀመሳል።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው የጾሙን ነው። ደረቅ ፓስታ ብዙውን ጊዜ ከስንዴና ከውሃ ብቻ ስለሚሠራ ለጾም ይሆናል፤ እንቁላል የገባበትም ስላለ ፓኬቱን እዩ። ዘይት በመጠነኛ እሳት ሞቅ አድርጉ። ስድስት ሰባት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በስሱ ከትፋችሁ ጨምሩ። ቡናማ እንዳይሆን፤ ከተቃጠለ ይመራል። ፍሬው የወጣለት ቃሪያ ይከተል። በቀጭን የተቆረጠ ጥቅል ጎመንና ካሮት ጨምሩና ትንሽ ቆርጠም እንዳለ ተዉት። ፓስታውን አስገቡ፣ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ አፍሱበት፣ አማስሉ። እዚህ ምግብ ውስጥ ቲማቲም የለም፣ ቅቤ የለም፣ ስጎ የሚባል ነገር የለም። ዘይቱና የፓስታው ውሃ ተያይዘው ስጎ ይሆናሉ። ውሃውን ብትተዉት በዘይት የረጠበ ደረቅ ፓስታ ነው የምትበሉት። ልዩነቱን አንድ ቀን ጎን ለጎን ሠርታችሁ ቅመሱት። መጨረሻ ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ደስ ይላል።

ፍስክ ሲሆንና ልጆች ሲኖሩ አይብ አለ። የእኛ አይብ እንደ ቺዝ አይቀልጥም፤ ከአሬራ በሙቀት ተገንጥሎ ስለሚወጣ ፍርፍሩ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ በቀጥታ ፓስታ ላይ ቢበተን ደረቅ ይሆናል። አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሁለት ጭብጥ ትኩስ፣ ያልኮመጠጠ አይብ አድርጉ። ሞቅ ያለ የፓስታ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ በሹካ ምቱት። እየለሰለሰ፣ እየነጣ፣ ክሬም እየመሰለ ይሄዳል። ትንሽ ለጋ ቅቤ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ ትኩሱ መኮሮኒ። ጣሊያኖች ሪኮታ በሚባለው ለስላሳ አይባቸው የሚሠሩት ፓስታ መንገዱ ይኸው ነው። እሳት ላይ አትመልሱት፤ ይቋጥራል።

መኮሮኒ ከድፍን ምስር ጋር በሾርባ መልክ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ለብቻ አትቀቅሉት። ምስሩ ሊበስል ሲል መኮሮኒውን እዚያው ጨምሩት። ስታርቹ በሙሉ ድስቱ ውስጥ ስለሚቀር ሾርባው ራሱ ይወፍራል። ትንሽ የጥብስ ቅጠል ቢጣልበት ሽታው ቤቱን ይሞላዋል።

ፓስታችሁን በእንጀራ የምትበሉ ከሆናችሁ ውሃውን ትንሽ አብዙት። እንጀራ ስጎ ይጠጣልና የደረቀ ፓስታ አያስጎርስም።

የተረፈውን ውሃ በክዳን ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ማግስቱ ማቆየት ይቻላል። ያደረ ፓስታ ስታሞቁ ሁለት ሦስት ማንኪያ ብታደርጉበት ስጎው ይመለሳል። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ ግን አታሳድሩት። ስታርች ያለበት ውሃ ቶሎ ይበላሻል። ቲማቲምና ቃሪያ የተከላችሁበት ባልዲ ላይም አታፍሱት፤ ጨው አለበት።