«ከቀላ በኋላ ምንም አያደርግም»፦ ስለ ከሰል ምድጃ የሰለቹኝ አባባሎች

ጎንደር ቀን ቀን ፀሐይዋ ያታልላል። ከኅዳር ጀምሮ ግን ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያኔ እኔ በምሠራበት ድንገተኛ ክፍል አንድ ዓይነት ታካሚ ይበዛል። ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸው፣ ሽንት ቤት ሊሄድ ተነስቶ የተዝለፈለፈ። አንዳንዴ ቤተሰቡ በሙሉ ይመጣል። «ማታ ከሰል አስገብታችሁ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው። «አዎ፣ ግን በደንብ የቀላ ነው።»

ይቺ «ግን» ሰልችታኛለች። ነርስ ነኝ፤ በየዓመቱ እዚያው ክፍል ውስጥ እየቆምኩ ይህንኑ አስረዳለሁ። ዛሬ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

«ከቀላ በኋላ ምንም አያደርግም» የሁሉም ስህተቶች አባት ነው። ሰዉ ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥላል፣ ያርገበግባል፣ ጭሱ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደ ቤት ያስገባል። በቃ፣ ተጠንቅቄያለሁ ብሎ ያስባል። ጭሱን ደጅ መጨረስ ለዓይንም ለሳንባም ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ግን አፍኖ የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ጭሱ ስላለቀ ደግሞ አያልቅም፤ ፍሙ እስካለ ድረስ ይወጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል ማለት አብዛኛው ካርቦን ነው። አየር ከምድጃው ሥር ይገባና የታችኛውን ፍም ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ በጋለው ፍም መሃል ያልፋል። የጋለው ካርቦን ኦክስጅኑን ይነጥቀዋል። የሚቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ምድጃውን ልብ ብላችሁ እዩት። ፍሙ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ነበልባል ታያላችሁ። እሱ ራሱ ነው፣ ጋዙ ሲነድ። ሰማያዊው ነበልባል ሲጠፋና ፍሙ አመድ ሲለብስ ጋዙ አልቆመም፤ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይወጣል እንጂ። እናንተ ደግሞ «አሁን ረገበ፣ በሩን ዝጉትና እንተኛ» የምትሉት ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ሰውነት ውስጥ ሲገባስ? ኦክስጅን የሚሸከምልን ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ነው። ታክሲ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ፣ መዳረሻው ደርሶም አልወርድም እንደሚል ተሳፋሪ ወንበሩን ይይዘዋል። ኦክስጅን ደጅ ቆሞ ይቀራል። ንጹሕ አየር እየተነፈሱ እንኳ ግማሹ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ሆስፒታል በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። «ደጅ ወጥቶ ተሻለው» ብላችሁ የምትመልሱት ሰው ደሙ ገና አልጸዳም።

የእኛ ከተማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሰው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከእኛ ከፍ ብለው ባሉት ዳባትና ደባርቅ ኦክስጅኑ ከዚህም ያንሳል፤ ብርዱም ከዚህ ይብሳል፤ ከሰሉም እዚያ ይበዛል።

«ራሴን ሲያመኝ እወጣለሁ» የሚለኝ ደግሞ በተለይ ወጣቱ ነው። ወንድሜ፣ ይህ ጋዝ መጀመሪያ የሚወስደው ማሰቢያህን ነው፤ ቀጥሎ እግርህን። የተኛ ሰውን ጭራሽ አይቀሰቅሰውም። ማራኪ አካባቢ ተከራይተው ከሚኖሩ ተማሪዎች አንዱን ያመጡት ጊዜ ትዝ ይለኛል። መብራት ጠፍቶ ሽሮ በከሰል ሠሩ፣ ምድጃውን ለሙቀት ብለው እዚያው ተዉት። ልጁ ሌሊት ነቅቷል። በሩ ጋ ደርሷል። መወርወሪያውን መክፈት ግን አልቻለም። ጎረቤት ሲወድቅ ሰምቶ ባይደርስ ኖሮ የምጽፈው ሌላ ነበር።

አሁን ወደ አራስ ቤት እንግባ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። አራሷ ብርድ እንዳይገባት ተብሎ መስኮቱ በጨርቅ ይደፈናል። በሩ ላይ መጋረጃ ይጣላል። ለገንፎው፣ ለቡናው፣ ለሙቀቱ ከሰሉ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ጠያቂው ገብቶ ይወጣል፤ አራሷና ሕፃኑ ግን እዚያው ናቸው። ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ስለዚህ ጋዙን በፍጥነት ይስባል። ሕፃን ደግሞ «ራሴን አመመኝ» አይልም። ይተኛል። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ይባላል። አንዲት አራስ በወለደች በሳምንቷ ራሷን ስታ መጣች። እናትየው የምች መድኃኒት አሽተዋት ነበር የቆዩት። «እትዬ፣ ምድጃው የት ነበር?» ብላቸው «ከአልጋው ሥር፣ እንዲሞቃት ብዬ» አሉኝ። ምን ልበላቸው? በፍቅር ያደረጉት ነው። አራስ ይሙቃት፣ በጋቢ፣ በብርድ ልብስ፣ በትኩስ ገንፎ። ገንፎው ግን ሌላ ቦታ ተሠርቶ ይምጣ። እርጉዝ ያለበት ቤትም እንደዚሁ ነው፤ ጋዙ ወደ ጽንሱም ያልፋል።

ስለ ምች ካነሳሁ አይቀር፦ ማታ ከሰል አጠገብ ተቀምጣችሁ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ፣ ጉልበታችሁ ከከዳችሁ መጀመሪያ ምድጃውን ጠርጥሩ። ጉንፋን ቤተሰቡን በሙሉ በአንድ ሰዓት አይዝም። ትኩሳት የለም፣ ንፍጥ የለም፣ ደጅ ስትወጡ ቀለል ይላል፣ ስትመለሱ ይብሳል። ይህ ምችም አይደለም፣ ቡዳም አይደለም።

«ወተት ያረክሰዋል።» አያረክሰውም። ወተት ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ጋዙ ያለው ደም ውስጥ ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ወተት ማንቆርቆር ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና በላዩ ላይ ሌላ ችግር መጨመር ነው። ሎሚ ማሽተት፣ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት፣ ሽንኩርት አፍንጫ ላይ ማድረግ፣ ሁሉም ጊዜ ማባከን ነው። የሚደረገው ይህ ነው፦ በርና መስኮቱን በርግዱ፣ ሰውየውን ጎትታችሁ ደጅ አውጡ፣ ራሳችሁም ውስጥ አትቆዩ። ሊያወጣ ገብቶ አብሮ የወደቀ ሰው አለ። ትንፋሽ ካለው በጎኑ አስተኙት። ከዚያ በተገኘው ባጃጅ ወደ ሆስፒታል። ስትደርሱም ከሰል እንደነበረ ቶሎ ንገሩ። ጣት ላይ የምትደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጉዳይ ታሳስታለች። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክስጅን የተሸከመ አድርጋ ታነበውና 98 ልታሳይ ትችላለች። ባለሙያው ስለ ከሰሉ ካላወቀ «ደህና ነህ» ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል። የነቃ ሰውም ቢሆን ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳት ወይም የባሕርይ ለውጥ ካሳየ መልሳችሁ አምጡት።

ትንንሾቹን በፍጥነት ልለፋቸው። «ጋዙ ከባድ ስለሆነ ወለል ላይ ይቀራል፣ አልጋ ላይ ያለ አይነካውም»፦ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ክፍሉን በሙሉ ይሞላል። «አጠገቡ ውኃ በሳህን ማስቀመጥ»፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ውኃ ውስጥ በቅጡ አይሟሟም፤ ሳህኑ አቧራ ይሰበስብ ካልሆነ ሌላ ጥቅም የለውም። «ዕጣን ካጨስንበት ይጠፋል»፦ ዕጣን ሽታ ይቀይራል፣ ይህ ጋዝ ደግሞ መጀመሪያውኑ ሽታ የለውም። «ፊቱ ካልቀላ ከሰል አይደለም»፦ ያ ቅላት ቢታይም አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ የሚመጡልን ሰዎች ብዙዎቹ የገረጡ ናቸው።

«መስኮቱን ገርበብ አድርገነዋል» ግማሽ እውነት ስላለበት ያስቸግራል። አየር ይረዳል። ግን አንዲት የእጅ ስፋት ክፍተት ስንት ጋዝ እንደምታስወጣ ማንም ከአልጋው ላይ ሆኖ አይለካም። ነፋሱ ከቆመ ብዙም አይወጣም፤ ሌሊት ደግሞ የበረደው ሰው ተነስቶ ይዘጋዋል። ቡና ስታፈሉ በሩ ክፍት ይሁን፣ በተቃራኒው ያለው መስኮትም ይከፈት፣ ምድጃው ወደ በሩ ይጠጋ። በረንዳ ካለ በረንዳ ላይ። በረካው ሲያልቅ ምድጃው ይውጣ። ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ግን መስኮት ተከፈተም ተዘጋ ከሰል አያድርም። ለጥምቀት እንግዳ የምትቀበሉ በተለይ። አንድ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ለፍራሽ አጋጥማችሁ አሥር ሰው ታስተኛላችሁ፤ የሰው ትንፋሽ ራሱ ያሞቀዋል። ብርድ ልብስ ከጎረቤት ተዋሱ።

«አያቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን እሳት ዳር ኖረው ምን ሆኑ?» አያቶቻችን የኖሩት ሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ነው። ሣሩ ይተነፍሳል፣ ጭሱ በክዳኑ በኩል ሲወጣ ከሩቅ ይታይ ነበር። የዛሬው ቤት ብሎኬት ነው፣ ኮርኒስ አለው፣ የብረት በሩ ሥር ሳይቀር በምንጣፍ ይደፈናል። ደግሞም ምንም አልሆኑም ያለው ማነው? ዓይናቸው እያለቀሰ፣ ደረታቸው እያፏጨ ነው ያረጁት። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በ2020 (እንደ ፈረንጆቹ) ብቻ ቤት ውስጥ ከሚነድ ነዳጅ በሚመጣ የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ያ የረጅም ጊዜው ጭስ ነው እንጂ የአንድ ሌሊቱ ጋዝ አይደለም። ሁለቱን አታደባልቁ።

«ላቀች ስለሆነ ችግር የለውም» የሚሉም አሉ። ላቀች ጥሩ ምድጃ ነው። ውስጡ ሸክላ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፣ ከቆርቆሮው ምድጃ ይልቅ ከሰል ይቆጥባል። ቆጣቢ ነው ማለት ግን ጋዝ አልባ ነው ማለት አይደለም። ተጨምቆ የሚሸጠው ብሪኬትም ጭሱ ትንሽ ስለሆነ ሰው ያታልላል፤ እሱም ካርቦን ነው። ባይሆን ምድጃችሁን ጠብቁት። ሸክላው ከተሰነጠቀ ይቀየር። ከሥር ያለው የአየር መግቢያ በአመድ ከተደፈነ እሳቱ ታፍኖ ይነዳል፣ ታፍኖ ሲነድ ደግሞ ጋዙ ይብሳል፤ ሁልጊዜ ከማቀጣጠላችሁ በፊት አመዱን ጥረጉ። የጋለ ሸክላ ላይ ውኃ አትድፉ፣ ይፈነዳል። ፍም ላይ ነጭ ጋዝ የሚያርከፈክፍ ሰው ካለ እጁን ያዙት፤ የተቃጠለ ፊት ማጠብ ከባድ ሥራ ነው። አመድ የበረደ መስሎ ረመጡን ውስጡ ያሳድራል። ፌስታል ውስጥ ወይም አጥር ሥር አይደፋም፣ በቆርቆሮ ዕቃ ደጅ ይደር።

የመጨረሻው ከውጭ አገር የመጣ ነው። «ፈረንጆችስ ሳሎናቸው ውስጥ እንጨት ያነዱ የለም እንዴ?» ያነዳሉ። ዘመድ በቪዲዮ ያሳያችሁት ያ የሚያምር ምድጃ ምናልባት የፔሌት ምድጃ ነው። ፔሌት ማለት ሰጋቱራ በኃይል ተጨምቆ 6 ወይም 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ትንሽ እንጨት ሲሆን ነው። እሳቱ ከመስታወት በር ኋላ ተዘግቷል። ጭሱንና ጋዙን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ እየሳበ በቧንቧ ደጅ ያስወጣዋል። እኛ ምድጃ ላይ ያ ቧንቧ የታለ? እሱም ቢሆን ጥገና ይፈልጋል። አመዱ በየጊዜው ይጠረጋል፣ ቧንቧው በየዓመቱ ይጸዳል፣ የበሩ ዙሪያ ማሸጊያ ሲያረጅ ይቀየራል። መብራት ከጠፋ ማራገቢያው ይቆማል። የፔሌት ክምችቱ ራሱ ሳይነድ፣ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ እዚያ ገብተው የሞቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ እነዚያው ፈረንጆች ከዚህ ሁሉ ጋር ግድግዳቸው ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይሰቅላሉ። በባትሪ የሚሠራ፣ ጋዙ ሲበዛ የሚጮህ ትንሽ ሣጥን ነው። ለበዓል የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከሽቶው በፊት እሱን አዝዙት። የጭስ ማንቂያ ሌላ ነው፣ ይህን ጋዝ አያውቀውም፤ ተሳስቶ እንዳይገዛ ንገሩት። የአገልግሎት ዘመኑም ዕቃው ላይ ተጽፏል፣ ሳይከፍል ይየው።