አፕሊኬ ምንድን ነው? የአደይ አበባዋ ትራስ

አምና በእንቁጣጣሽ ዕለት የእህቴ ልጅ በእጁ የሳላትን አደይ አበባ ይዞልኝ መጣ። ወረቀቱ ከደብተር የተገነጠለ ነው። አበባዋ ስምንት ቅጠል አላት፤ አንዱ ከሌሎቹ ረዝሞ ወደ ጎን ዘመም ብሏል። ብር ሰጥቼ፣ ስሜው ሸኘሁት። ወረቀቱን ግን መጣል አልሆነልኝም። ዘንድሮ ያችኑ አበባ፣ ከነዘመመው ቅጠሏ፣ ከቢጫ ጨርቅ ቆርጬ የሶፋ ትራስ ላይ ሰፋኋትና ለእናቴ በስጦታ ሰጠኋት። እናቴ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ጥልፍ ነው?» አለችኝ።

ጥልፍ አይደለም። አፕሊኬ ይባላል።

ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «ላዩ ላይ የተለጠፈ» እንደማለት ነው። ጥልፍ ላይ ምስሉን የሚያወጣው ክሩ ነው። አፕሊኬ ላይ ምስሉን የሚያወጣው ሌላ ጨርቅ ነው፤ ክሩ ጠርዙን ብቻ ይይዛል። የቀሚሳችን ጥበብ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ እሱ እዚያው ሽመናው ላይ ይሠራል። ለአፕሊኬ የሚቀርበው ዘመድ እንዲያውም መጣፍ ነው። የልጇ ሱሪ ጉልበቱ ሲቀደድ እራፊ የምትጥፍ እናት ሥራውን ታውቀዋለች። እዚያ እራፊው ቀዳዳ ይደፍናል፤ እዚህ ግን የሚሰፋው እንዲታይ ነው።

ቶሎ የሚያልቀውም ለዚህ ነው። መዳፍ የምታክል አበባ በክር ብቻ እሞላለሁ ብትሉ ስንት ምሽት ትፈጃለች። ከጨርቅ ስትቆርጧት ግን ቢጫው በአንድ ጊዜ ይመጣል። የሚቀራችሁ ዙሪያዋን መስፋት ብቻ ነው።

ቶሎ ያልቃል ማለት ግን ተራ ነገር ነው ማለት አይደለም። ዛሬ ቤኒን በምትባለው አገር፣ በድሮዋ የዳሆሜ ነገሥታት ከተማ በአቦሜ፣ የነገሥታቱ ታሪክ በአፕሊኬ ይሰፋ ነበር። ንጉሥ ግሌሌ በአንበሳ፣ ልጁ ቤሃንዚን በሻርክ ይታወቃሉ፤ ባለሙያዎቹ እነዚህን ምልክቶች ከባለቀለም ጨርቅ እየቆረጡ ዛሬም ይሰፋሉ። ካይሮ ውስጥም ባብ ዙወይላ ከተባለው አሮጌ በር አጠገብ የድንኳን ሰፊዎች መንገድ አለ። እዚያ ወንዶች እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው በመርፌና በመቀስ ያን ሁሉ ሐረግ ሲሠሩ ይውላሉ።

ከሁሉም ልቤን የምትነካው ግን ሃሪየት ፓወርስ ናት። በ1837 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ነፃ ከወጣች በኋላ አዳምና ሔዋንን፣ የያዕቆብን ሕልም፣ የመጨረሻውን እራት ከጨርቅ እየቆረጠች አንድ የአልጋ ልብስ ላይ ሰፋቻቸው። በ1886 ዓውደ ርዕይ ላይ ሲታይ አንዲት ሴት ልትገዛው ብትጠይቅ አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲጠናባት በ5 ዶላር ሸጠችው። ሸጣም አልቻለችም፤ እየተመላለሰች ታየው ነበር። ያ ሥራ ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። በእጅ የተሠራ ነገር ለሰው ስሰጥ እሷን ሳላስብ አልቀርም።

ወደ ትራሳችን እንመለስ። ውስጥ የሚገባው ትራስ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ለፊቱ 42 በ42 የሆነ አንድ ጨርቅ፣ ለጀርባው 42 በ28 የሆኑ ሁለት ጨርቆች ትቆርጣላችሁ። ዚፕ አያስፈልግም። ከሁለቱ የጀርባ ጨርቆች በእያንዳንዳቸው አንዱን ረጅም ጠርዝ ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ስፉት፤ ሲገጣጠሙ አንዱ በሌላው ላይ እንደ ፖስታ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደረባል። ትራሱ በዚያ ይገባል፣ ለማጠብም በዚያ ይወጣል። ጎኑ 1.5 ሜትር ከሆነ ጨርቅ ግማሽ ሜትር ከበቂ በላይ ነው። እኔ አቡጀዲ እወዳለሁ፤ ቢጫ ያምርበታል። ግን ሳይቆረጥ በፊት ታጥቦ ይተኮስ፤ አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት ይገባና አበባዋ ትጨማደዳለች። አበባዋ የምትሰፋውም ፊቱ ገና ለብቻው ሳለ ነው፤ ከተገጣጠመ በኋላ እጅ አይገባም።

አፕሊኬን አፕሊኬ የሚያሰኘው ጠርዙ ነው። የተቆረጠ ጨርቅ ይተረተራል፤ ታዲያ ያን ጠርዝ ምን እናድርገው? ጥንታዊው መንገድ ጠርዙን ወደ ውስጥ እያጠፉ በእጅ፣ ክሩ እንዳይታይ አድርጎ መስፋት ነው። እንደሱ የሚያምር የለም፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በዓሉ ሦስት ቀን ከቀረው የሚያዋጣው የስፌት መኪናው ዚግዛግ፣ ግራ ቀኝ እየተመላለሰ የሚሄደው ስፌት፣ ነው። ስፋቱን 3 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ርዝመቱን ዜሮ ግድም አውርዱት፤ ክሩ ተጠጋግቶ ጠርዙን ይሸፍነዋል። ጨርቁ እንዳይኮማተር ከሥሩ ስስ ወረቀት አንጥፉ፤ ሲያልቅ ተቀዶ ይወጣል።

ጀማሪ የሚቸገረው ኩርባው ላይ ነው። ጨርቁን እየጎተተ ሊያዞር ይሞክራል፤ ስፌቱም ይንጋደዳል። ይልቅ የቅጠሉ ጫፍ ላይ ስትደርሱ መርፌው ከአበባዋ ውጪ፣ አቡጀዲው ላይ እንደተተከለ አቁሙ። ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር አንሡ፣ ጨርቁን ትንሽ አዙሩ፣ እግሩን መልሱ፣ ሁለት ሦስት ስፌት ሂዱ፣ እንደገና አቁሙ። በሁለት ቅጠሎች መካከል ያለው ሸለቆ ላይ ግን መርፌው የሚተከለው ቢጫው ላይ ነው። ይህን አንድ ነገር ያወቀ ሰው ምንም ቅርጽ አይከብደውም።

በብዙ ቤት ያለችው ባለፔዳሏ ጥቁር ሲንጀር ዚግዛግ አታውቅም፤ ቀጥታ ብቻ ነው የምትሰፋው። እሷም ትሆናለች። ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ ሁለት ዙር ስፉ። ጠርዙ በጊዜ ብዛት ትንሽ ይፈታል፤ አበባ ላይ ሲሆን ደግሞ ያምራል። እንዳይፈታ ከፈለጋችሁ የማይተረተር ጨርቅ ምረጡ፤ ፌልት ከተገኘ ጥሩ ነው።

ጽሑፍ ልትጨምሩ ካሰባችሁ ተጠንቀቁ። ቅርጹን ሳይሰፋ በፊት ቦታው ላይ የሚይዝ፣ በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ባለወረቀት ማጣበቂያ አለ፤ ሥዕሉ የሚነደፈው ወረቀቱ ላይ፣ በጨርቁ ጀርባ በኩል ነው። ስለዚህ ሲገለበጥ ቀኙ ግራ ይሆናል። አበባ ላይ ችግር የለውም። እኔ ግን «እንኳን አደረሰሽ» ብዬ ዘጠኙንም ፊደል ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ወደ ኋላ መዞራቸውን ያየሁት። ፊደል ሁልጊዜ ተገልብጦ ይነደፋል።

ስለ ምስል ምርጫም አንድ ነገር ልበል። ለገናና ለፋሲካ መስቀል የሚያምራችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ትራስ ላይ አላደርገውም። ትራስ ይደገፉታል፣ ይቀመጡበታል፣ ልጆች ይወራወሩበታል። ለገና የገና ዱላና ሩር፣ ለፋሲካ ዶሮ፣ ለመስቀል የደመራ ችቦ ይበቃል። አንድ ትልቅ ቅርጽ ከአምስት ትንንሾች ይሻላል፤ ከሩቅ ይታያል፣ ለመስፋትም ይቀላል።

ለብዙ ሰው የምትሰጡ ከሆነ አንድ በአንድ አትጨርሱ። ሁሉንም ቁረጡ፣ ሁሉንም ተኩሱ፣ ከዚያ ሁሉንም ስፉ፤ ክር እየቀያየሩ የሚጠፋው ጊዜ ይቀራል። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ልብሱን ብቻ ላኩ፤ የውስጡን ትራስ እዚያው ይገዛል። ባዶውን ሲታጠፍ፣ እንደ ነጠላ ሆኖ፣ ሻንጣ ጥግ ይገባል።

የእህቴ ልጅ ሥዕሉ ሥር፣ በቀኝ ጥግ፣ ስሙን ጽፎ ነበር። እንደዚያ ያለ ትንሽ ፊደል ከጨርቅ አይቆረጥም። ስለዚህ የእሱኑ የእጅ ጽሑፍ ተከትዬ በመርፌና በቀይ ክር ሠራሁት። እናቴ የዳሰሰችው እሱን ከነበረ አልተሳሳተችም፤ ስሙ ጥልፍ ነው።