የመሬት ኦርኪድ ምንድን ነው?

ኦርኪድ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በማሰሮ ለስጦታ የሚሸጠው ባለ ትልልቅ አበባ ነው። ያ የእስያ ተክል ነው፤ በተፈጥሮው ዛፍ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። የመሬት ኦርኪድ ግን ሥሩን አፈር ውስጥ ሰድዶ ከሣር መሐል ይበቅላል። በነሐሴ ከደሴ ወደ ጦሳ የሚወጣ ሰው ረግጦት ቢያልፍ አይፈረድበትም፤ ብዙዎቹ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያሉ ስለሆኑ እንደ አደይ አበባ ከሩቅ አይጣሩም።

የኦርኪድ ሁሉ መለያው ከንፈሩ ነው። አበባው ከውጭ ሦስት፣ ከውስጥ ሦስት ቅጠሎች አሉት። ከውስጦቹ አንዱ ከሁለቱ ወንድሞቹ በመልክም በመጠንም ይለያል፤ ከንፈር የሚባለው እሱ ነው። መሐል ላይ የወንዴውና የሴቴው ክፍል ተዋህደው አንድ አጭር ዓምድ ሆነዋል። የወንዴው ዘር እንደ በቆሎ አይበንም፤ ተጠቅልሎ ሁለት እንክብል ሆኗል፣ ከሥሩም ሙጫ አለው። ዳርዊን በ1862 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፈው፣ የተቀረጸ እርሳስ ወደ አንድ የአውሮፓ የመሬት ኦርኪድ አፍ ሲገባ እንክብሎቹ ተጣብቀው ይወጣሉ፤ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ወደ ፊት ይጎነበሳሉ። እርሳሱ ሌላ አበባ ውስጥ ሲገባ ታዲያ በቀጥታ የሴቴውን ክፍል ይነካሉ።

እንቡጥ ሳለ ከንፈሩ ከላይ ነው። አበባው ሊፈካ ሲል አንገቱ 180 ዲግሪ ይጠመዘዝና ከንፈሩ ወደ ታች ይመጣል፤ ለሚያርፍበት ነፍሳት መደብ ይሆናል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ከአበባው ጀርባ ያለውን ቀጭን የዘር ቋት 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይይ፤ ሸንተረሮቹ እንደ ገመድ ተገምደዋል።

ሳቲሪየም የሚባለው ወገን ግን አይጠመዘዝም። ከንፈሩ እላይ ቀርቶ አበባውን እንደ ቆብ ይከድናል፤ ከቆቡ ጀርባ እንደ ቱቦ ያለ ሁለት ጭራ ይንጠለጠላል። ይህን ያየ ሌላ ምልክት አያሻውም። ጀማሪን የሚያሳስተው ዲሳ የሚባለው ሌላ ወገን ነው፦ እሱም ቆብ አለው፣ ቆቡ ግን ከላይ ያለው የውጭ ቅጠል እንጂ ከንፈሩ አይደለም፤ ጭራውም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቆቡ በፊት ጭራ መቁጠር ይሻላል።

ሀበናሪያ በአገራችን ብዙ ዝርያ ያለው ወገን ነው። በብዙዎቹ ከንፈሩ ሦስት ቦታ፣ ሁለቱ የውስጥ ቅጠሎች ደግሞ ሁለት ሁለት ቦታ ስለሚሰነጠቁ አበባው ሸረሪት ይመስላል። ወለላው ረጅሙ ጭራ ውስጥ ታች ነው፤ የሚደርስበት ረጅም ምላስ ያለው የእሳት ራት ነው። ብዙዎቹ ነጣ ብለው ማታ የሚሸቱትም ለዚሁ ነው።

አበባው የሚታየው ለጥቂት ሳምንታት ነው፣ ሕይወቱ ግን ከአፈር በታች ነው። እነዚህ ሦስቱ ወገኖች ድንች የሚመስል እብጠት አላቸው፦ አሮጌው የዘንድሮውን ግንድ መግቦ ይጨማደዳል፣ አዲሱ ለከርሞ ይሞላል። (ኦርኪድ የሚለው ስም ራሱ ከግሪክኛው «ቆለጥ» የመጣው ከዚህ መልክ ነው።) በበጋ ላዩ ደርቆ እብጠቱ ይተኛል።

ቆፍሮ ማሰሮ ውስጥ የሚተክል ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። በተኛበት ወር ውሃ ያጠጣዋል፣ ይበሰብሳል። ዘሩን መዝራትም አያዋጣም፤ እንደ አቧራ የደቀቀና ስንቅ የሌለው ስለሆነ ትክክለኛው ፈንገስ ካልገጠመው አይበቅልም። አበባ መቁረጥ የግድ ከሆነ አበባ ያለበትን የግንዱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ከታች ያሉትን ቅጠሎች መተው ነው፤ የከርሞውን እብጠት የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ሣር የሚያጭድ ገበሬም የዘር ቋቱ ቡናማ ሆኖ እስኪሰነጠቅ ያን ጥግ ቢተወው በቂ ነው።