ላይብረሪ የተማሪ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ጅማ ውስጥ ሰው አግኝቼ «ላይብረሪ ውስጥ ለአዋቂዎች የመጽሐፍ ውይይት አለ፣ ና እንሂድ» ስል የሚመለስልኝ መልስ ተመሳሳይ ነው። የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«እኔ ተማሪ አይደለሁም።»
አልፈርድባቸውም። ከተማችን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ላይብረሪ ሲባል ቶሎ የሚታየን ሃንድአውት ይዞ ለፈተና የሚያጠና ልጅ ነው። የሕዝብ ላይብረሪ ግን ስሙ ራሱ የሕዝብ ነው። አዋቂ ሰው ተሰብስቦ ፊደል ፊት መቀመጡም ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ስንት እናትና አባት አስተምሯል። ኢትዮጵያ በዚህ ሥራዋ ከዩኔስኮ ተሸልማለች።

«መጽሐፉን አልጨረስኩም፤ ምን ብዬ እገባለሁ?»
እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቀረው በዚህ ነውና። ውይይት ፈተና አይደለም። እኔ የምሄድበት ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ሦስት አራት ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል። አንድ ቀን ስለ መሬት ውርስ የሚያወራ አጭር ታሪክ ተነበበ። አንድ የቡና ነጋዴ የሆኑ አባት መነጽራቸውን ረስተው መጥተው ስለነበር ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሲያልቅ፣ «ልጁ መሬቱን ፈልጎ አይደለም። አባቱ አንድ ቀን ‹ልጄ› እንዲለው ነው» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ታሪኩን ሁለቴ አንብቤዋለሁ፤ ይሄን ግን አላየሁትም ነበር።

«ላይብረሪ ውስጥ ማውራት ክልክል ነው።»
ማንበቢያው አዳራሽ ውስጥ፣ አዎ። ውይይት ለብቻው ክፍል ይሰጠዋል፤ ክፍል ከሌለም አንባቢ በማይበዛበት ሰዓት ይደረጋል።

«አማርኛዬ ጥሩ አይደለም።»
ይሄ ያሳዝነኛል። ጅማ ላይ ቡና ስንጠጣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ እየተሻገርን አይደል የምናወራው? ውይይቱም እንደዚያው ነው። አንዷ በኦሮምኛ ትጀምራለች፤ አጠገቧ ያለችው ለማይሰማው ትተረጉማለች። ተረትና ምሳሌ ሲመጣማ በገዛ ቋንቋው ካልሆነ አይጥምም።

«ጊዜ የለኝም።»
ይሄን አላርምም፤ እውነታቸውን ነው። ሐሙስ ገበያ የሚውል ሰው ሐሙስ ሊመጣ አይችልም። ግን ለአስተባባሪዎቹ ንገሯቸው። የእኛ ቡድን ወደ እሁድ ከሰዓት የተዛወረው ሁለት የጉሊት እናቶች ስለጠየቁ ነው። አንደኛዋ ሕፃኗን አዝላ ነው የምትመጣው።