«ቅድመ አንደኛ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ለጓደኛዋ «የመንግሥት ኬጂ አስገብቻት ዓመቱን ሙሉ ስትጫወት ከረመች፤ አንድ ፊደል እንኳ አትጽፍም» ስትል ሰማሁ። ሲቆጫት ያስታውቃል። ማታ ደግሞ አንድ ሰው «ቅድመ አንደኛ ማለት አንደኛ ክፍልን ቀድሞ መጀመር ነው፣ የመንግሥቱ ግን የልጅ ማቆያ ሆኗል» ብሎ ጽፎ አየሁ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አይደለም። «ቅድመ» የተባለው ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚሠራ ሌላ ሥራ ስለሆነ ነው።

አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ከሾላ ገበያ ይዛችሁ እንደገባችሁ ሊጥ አታፈሱበትም። መጀመሪያ ይሟሻል። የጎመን ዘር ይበተንበታል፣ ቤቱ በጭስ ይታፈናል፣ በጨርቅ እየታሸ ፊቱ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። በዚያ ሰዓት አንድም እንጀራ አይወጣም። ጎረቤት መጥታ «ይሄን ሁሉ ማገዶ ፈጅተሽ እንጀራው የታል?» አትላችሁም፤ ምክንያቱም ሳይሟሽ የተጋገረበት ምጣድ እንጀራውን ይዞ እንደሚያስቀር፣ ሲነሣም እንደሚቀደድ እሷም ታውቃለች። ለልጅ ሲሆን ግን በመጀመሪያው ወር እንጀራው የታል እንላለን።

አንድ የአምስት ዓመት ልጅ አስታውሳለሁ። እርሳሱን በጭብጡ ይዞ «ሀ»ን ሊጽፍ ይታገላል። አውራ ጣቱ ነጭ እስኪሆን ይጫናል። ወረቀቱ ተቀደደ፤ ቀና ብሎ አየኝና ደብተሩን በክንዱ ሸፈነው። ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ባቄላና ሽምብራ ተቀላቅሎ ተሰጥቷት በሁለት ጣቷ አንድ በአንድ እየለቀመች ትለያለች። ወላጅ በመስኮት ቢያይ የተማረው እሱ ነው፣ የተጫወተችው እሷ ናት። እኔ ግን ለመጻፍ እየተዘጋጀች ያለችው እሷ ናት እላለሁ። በዚህ ዕድሜ የእጅ አንጓ አጥንቶች ገና በመጠንከር ላይ ናቸው፤ ጭቃ ማቡካት፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጠጠር መልቀም ነው ጣትን ለእርሳስ የሚያበቃው።

ጆሮም ይሟሻል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፤ ይሄን ሁሉ በዓይኑ ብቻ የሚሸመድድ ልጅ ቶሎ ይሰለቻል። ቃልን በጭብጨባ መቁረጥ የለመደ ልጅ ግን «ከ-በ-ሮ» ብሎ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባል፣ ኋላም ሦስት ፊደል ሲያይ አይደነግጥም። (ሁሌ ልክ አይመጣም፤ «ሰላም» ሁለት ጭብጨባ፣ ሦስት ፊደል ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሳድሱ «ም» አናባቢ ድምፅ ስለሌለው። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅም በፊደል አይለይም፤ በዓሉ «ገና» እና ያልደረሰው «ገና» አንድ ዓይነት ነው የሚጻፉት። ለዚህ ነው ፊደል ከመቁጠር በፊት ተረት፣ ዘፈን፣ ብዙ ወሬ መስማት ያለባቸው።)

«ታዲያ የግሉ በአራት ዓመቱ ኤ ቢ ሲ ያስጽፋል» ትሉኛላችሁ። ያስጽፋል። እሳቱን አጋንናችሁ የምታሟሹት ምጣድ ግን ይሰነጠቃል። በ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት ነው፤ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመት ነው። በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተከፈተውን የቅድመ አንደኛ ክፍል፣ «ኦ ክፍል»ን፣ ሰዉ «ዜሮ ክፍል» ሲለው ባዶ ነው ማለት ይመስለዋል፤ ከአንድ በፊት ያለች ቁጥር ናት እንጂ ባዶነት አይደለችም። ዕድሜ ጨምራችሁ ልጁን ቀድማችሁ አታስገቡት፤ የስድስት ወር ልዩነት ለእኛ ምንም ነው፣ ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ብዙ ነው።

ምሳሌዬ ግን እዚህ ላይ ያንሳል። ምጣድ አንዴ ከተሟሸ ይበቃዋል፣ ልጅ በየቀኑ ነው። ሳይበላ የመጣ ልጅ ደግሞ ምንም ብታደርጉለት አይሰማችሁም፤ የከተማው የተማሪዎች ምገባ የቅድመ አንደኛ ልጆችንም መጨመሩን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ሰው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ አያውቅም።

የመንግሥት ክፍል ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩም አይደለም። ስልሳ ልጅ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ከሰሌዳ የሚገለብጥበት ክፍል ካያችሁ፣ ነፃም ሆነ በክፍያ፣ ያ ማሟሸት አይደለም። በክረምቱ ምዝገባ የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ የነዋሪነት መታወቂያና ፎቶ ይዛችሁ መሄዱን ታውቁታላችሁ፤ ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ማስታወቂያው በር ላይ እንደተለጠፈ ሂዱ። ስትመዘገቡ ግን ክፍሉን አሳዩን በሉ። ጥግ ላይ ቆርኪ፣ ጠጠር፣ ጭቃ አለ? መሬቱ ላይ ሰኞ ማክሰኞ የተሠመረበት ቦታ አለ? መምህሯን «ዛሬ ምን ተረት ነገርሻቸው?» ብላችሁ ጠይቋት፤ ወዲያው ከመለሰችላችሁ አስመዝግቡ።

ማታ ልጃችሁ ስትመጣ «ምን ጻፍሽ?» አትበሏት። «እንቆቅልሽ» በሏት፣ «ምን አውቅልሽ» ካለች በኋላ ደግሞ እሷ እንድትጠይቃችሁ ተራውን ስጧት።